የቀለለው ቡድሃ

አቮንዴል እስቴትስ ውስጥ ቡድሃ ጠፋ ሲባል መርማሪ ወይንሸት ገብረሕይወት በስልኩ ውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። "ደሞ ተነሥቶ የት ሊሄድ ነው?" አለች። ሳቁ ግን ጣቢያው በር ድረስ እንኳ አልዘለቀላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አትላንታ በሰመሩ ሙቀት ስትቀቀል፣ ሚስተር ዊትፊልድ ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ቡድሃ የውሃ ሽታ ሆነ። ከቻይና የመጣ፣ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረ፣ የአራስ ልጅ የሚያህል ሐውልት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ግን ከምሳ በፊት ሰው ታስሯል፤ የታሰረችው ደግሞ አበሻ ናት።

ያሰራት የወይንሸት የሥራ ጓደኛ ሳጅን ሂውስ ነው። ሂውስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ምግብ እንኳ ሳያኝክ ነው የሚውጠው። ስትገባ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ አገኘችው።

"ኬዙን ክሎዝ አድርጌዋለሁ" አላት። "የሽማግሌው አስታማሚ ናት፤ ደጊቱ ትባላለች። በገዛ ቋንቋዋ አምናለች።"

"ማን አስተረጎመልህ?"

"ከቸርቿ አንድ ባለታክሲ ጠራሁ፤ ወንዳፍራሽ የሚባል። እንግሊዝኛው ከኔ ይበልጣል። ቴፑን ስሚው።"

ወይንሸት ቴፑን ከፈተችው። አንዲት ሴት እየተንሰቀሰቀች "አጠፋሁት! በገዛ እጄ አጠፋሁት!" ትላለች። ከዚያ የወንዳፍራሽ ድምፅ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ "እንዲጠፋ ያደረግኩት እኔ ነኝ ትላለች" ይላል። ወይንሸት አቆመችው፤ መልሳ ሰማችው፤ ደግማ መለሰችው።

"ሰውዬው አልዋሸህም፤ ግን ጉድ ሠርቶሃል" አለች። "እኛ ጋ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ አጠፋሁ ይላል። ሚስቱን ያስቀየመ ባል አጠፋሁ ይላል። መብራትም እናጠፋለን። ሴትዮዋ ሰረቅኩ አላለችም። አበላሸሁት ማለቷ ሊሆን ይችላል።"

"አበላሽታው ከሆነ ታዲያ ስብርባሪው የታለ?"

ሂውስ ደግሞ ሌላም ይዟል። ደጊቱ ጠንካራ ጴንጤ ናት፤ ያን ሐውልት ጣዖት ነው ስትል ጎረቤት ሰምቷታል። በዚያ ላይ ቡድሃው በጠፋበት ጠዋት፣ ከሽማግሌው ቤት ስልክ፣ ኖርክሮስ ያለ ወርቅ ቤት ደውላለች።

"ጠላችው፣ ወሰደችው፣ ልትሸጠው ደወለች" አለ ሂውስ። "ዓርብ ፋይሉ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል።"

"ዓርብ ገና ነው" አለችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

ደጊቱ ሃምሳዎቹን የያዘች፣ ምራቋን የዋጠች ሴት ናት። እስር ቤት ገብታ እንኳ ነጠላዋን አስተካክላ ነው የተቀመጠችው። ወይንሸት በአማርኛ ጤና ይስጥልኝ ስትላት ደንግጣ ቀና አለች።

"አንቺ አበሻ ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?"

"የገብረሕይወት።"

"የቱ ገብረሕይወት?"

"እትዬ ደጊቱ፣ ጠያቂዋ እኔ ነኝ እኮ" አለች ወይንሸት ሳቋን እየዋጠች። "ሐውልቱን ጣዖት ብለዋል?"

"ብያለሁ! ጣዖት ነዋ። አልሰግድለትም። ግን በየጠዋቱ አቧራውን የማራግፍለት እኔ ነኝ። የሰው ዕቃ መጥረግ ኃጢአት ነው እንዴ?"

"ታዲያ ምን አጠፉ?"

የሴትዮዋ ፊት ጭልም አለ። "አጥፍቻለሁ፤ አልክድም። ሌባ ግን አትበሉኝ።"

"ምን እንዳጠፉ ካልነገሩኝ ሌባ ይሉዎታል፤ እኔም ላድንዎት አልችልም።"

"ልጄ አረጋሽ ካርቱም ናት" አለች ደጊቱ። "ገና ትንሽ ልጅ ሆና ነው ጥያት የወጣሁት። አሁን ጉዳይዋ አልቆ ቪዛዋን ልትቀበል ነው። የእናቷ ስም ከተበላሸ እዚያው መቅረቷ ነው። ሌባ ብባልም ቀረች፤ ያደረግኩትን ብናገርም ቀረች። የባለጸጋ ሰው የዘመናት ቅርስ ነው እኮ! ተይኝ ልጄ፣ ልጸልይበት።"

ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች። ወይንሸት ስትወጣ ሆዷ ባብቶ ነበር። እሷም ብትሆን የተለያየ ቤተሰብ ማለት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፤ እናቷ የመጡላት ካቻምና ነው።

ሚስተር ዊትፊልድ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም፤ ቀኝ ክንዳቸው ደግሞ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ታማሚ ነው።

"ሁለቱንም በአንድ ቀን አጣሁ" አሏት። "ቡድሃዬንም፣ ደጊቱንም። ሾርባ እንኳ ማን እንደ እሷ ይሠራልኛል!"

"የሰረቀችዎት ይመስልዎታል?"

"አይመስለኝም። ግን እዚህ ቤት የሚገባው ሌላ ማን አለ? እሷና ፕሩት ብቻ።"

ሬይመንድ ፕሩት ዲኬተር ውስጥ ሱቅ ያለው የጥንት ዕቃ አዳሽ ነው። የሽማግሌውን ዕቃዎች ሁሉ የሚያጸዳው፣ የሚጠግነው እሱ ነው። በፀደይ ቡድሃውንም ወስዶ አጽድቶ መልሶላቸዋል፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ወር ለዩኒቨርሲቲው ሊሰጡት ነበር፣ ተማሪ እንዲያየው።

"ሐውልቱ ከተጣለ ይሰበራል?" አለች ወይንሸት።

ሽማግሌው ሳቁ። "ነሐስ እኮ ነው! አሠራሩን ልንገርሽ። መጀመሪያ በሰም ይቀርጹታል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍኑታል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው የቀለጠ ነሐስ ያፈሱበታል። ከዚያ ወርቁን በሜርኩሪ አሟሙተው ይቀቡትና እሳት ያሳዩታል። ሜርኩሪው ተንኖ ሲሄድ ወርቁ ከነሐሱ ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያማ ማን ያላቅቃቸዋል! መሬት ውስጥ ስንት ዘመን ተቀብሮ ሲወጣ አፈሩን ታጥቢዋለሽ፣ ወርቁ እንዳለ ነው። እግሩ ሥር ጽሑፍ አለው፤ አንድ ሰው ለሞተች እናቱ ነፍስ ብሎ ያሠራው ነው።"

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው እንደ ወጣት ፊት በራ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት። "በየጠዋቱ በዚህ እጄ አነሳዋለሁ፤ ስፖርቴ እሱ ነው። አምና ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እንደ ላባ ብድግ ነው! ሐኪሙ ሲሰማ አላመነኝም።"

ወይንሸት እንኳን ማረዎት ብላ ተሰናበተቻቸው። ለሽማግሌው ክንድ ከልቧ ደስ ብሏት ነው የወጣችው፤ ምስኪን!

ፕሩት የተቀባ ጸጉርና የተቀባ ምላስ ያለው ሰው ነው። ገና ባጇን ሳታወጣ የሰርግ ፎቶ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረላት።

"ቡድሃው የጠፋ ዕለት ሳቫና ነበርኩ፤ እህቴ ስታገባ። ከነዋዜማው። ያየኝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ነው" አለ።

"ሳልጠይቅዎት አስረዱኝ፤ አመሰግናለሁ።"

"ሥራ ላቅልልሽ ብዬ ነው። እንደዚያ ያለ ዕቃ በአንዲት ገረድ እጅ!" ራሱን ነቀነቀ። "አትድከሚ። ይኼኔ ቀልጧል። አይገኝም።"

ንግግሩ ቆሽቷን አሳረረው። ግን ሳቫና ደውላ ስታጣራ ሰውዬው እውነቱን ነው። ቄሱም፣ ሆቴሉም፣ የሙሽራው አባትም አይተውታል፤ ሲጨፍር ሱሪው ተቀዶ ሁሉ ስቀውበታል። ያ በር ተዘጋ።

ኖርክሮስ ያለው ወርቅ ቤት የአበሻ ነው። ባለቤቱ ገሠሠ ወሬ የሚወድ፣ ጣቶቹ በቀለበት የተሞሉ ሰው ነው። ወይንሸት ስለ ስልኩ ስትጠይቀው ሳቁ ቀደመው።

"ኧረ ተይኝ! እሷን ሴትዮ መቼም አልረሳትም። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ 'ወርቁ የለቀቀ ዕቃ መልሰህ ትቀባልኛለህ ወይ?' አትለኝም? የጆሮ ጌጥ መስሎኛላ። ምን ያህላል እመቤቴ ብላት 'አራስ ልጅ ያህላል' አለችኝ! ስስቅባት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀመችው።"

"ልሽጥልህ አላለችህም?"

"ምኑን? ይቀባልኝ ነው ያለችው። ጨንቋት ነበር፤ አሁን ሳስበው አሳዘነችኝ።"

ወይንሸት ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዋን ተደግፋ ቆመች። ሌባ ወርቅ ይሸጣል እንጂ ወርቅ ይቀባልኝ ብሎ አይደውልም። እሺ፣ ወርቁ ለቋል። ግን ሽማግሌው ምን አሉ? ስንት ዘመን አፈር ያልበላውን ወርቅ የደጊቱ እጅ በአንድ ጠዋት እንዴት ያስለቅቀዋል? እዚህ ላይ ጆሮዋ ቆመ። ሞተሩን አስነሥታ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ነዳች።

"እትዬ ደጊቱ" አለች ገና ሳትቀመጥ፣ "ወርቁ በምን ለቀቀ?"

ደጊቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ማን ነገረሽ?"

"በምን ለቀቀ ነው የምልዎት!"

"በሎሚ" አለች ከነጠላው ሥር። "በሎሚና በጨው። ከዩኒቨርሲቲው ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ ሲሉኝ፣ ሚስተር ዊትፊልድን ላኩራቸው አልኩ። እናቴ የነሐስ ትሪዋን በሎሚና በጨው ነው የምታሸው፤ ፊትሽን ያሳይሻል እኮ! እኔም አሸሁት። ወርቁ እጄ ላይ ቀረ፤ ሲንኩ ውስጥ ገባ። ጌታ ሆይ! አሸሁት፣ አሸሁት፣ ከሥሩ ያረጀ ብረት ድስት መስሎ ግራጫ ወጣ።"

"ምን ወጣ?"

"ግራጫ።"

"ቀላ አላለም? እንደ ነሐስ?"

"ግራጫ ነው ልጄ! እንደ አመድ!"

ወይንሸት ከት ብላ ሳቀች። ጠባቂዋ በሩን ከፍታ አየቻት፤ ደጊቱም አበደች እንዴ ብላ ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች።

"አሁን የት ነው ያለው?"

"እዚያው ነው! የሰው ዕቃማ ከቤት አላወጣም። በፎይል ጠቅልዬ ጋራዡ ያለው ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ ከቱርክ ዶሮው በታች።"

"እትዬ ደጊቱ፣ እርስዎ አንድም ነገር አላጠፉም" አለችና ግንባሯን ሳመቻት። "እንዲያውም ካሁን ወዲያ ሎሚ የምገዛልዎት እኔ ነኝ።"

ፖሊስ የደጊቱን የፓይን ሌክ ቤት ፍራሽ ሳይቀር ገልብጦ ፈትሿል፤ የሽማግሌውን ፍሪዘር ግን ማንም አልከፈተም። ሂውስ ቱርክ ዶሮውን አነሳና በፎይል የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ሲፈቱት አንድ ግራጫ ቡድሃ በረዶ ለብሶ ፈገግ ብሎላቸዋል። ሂውስ ኩም አለ።

"ይኼ ነሐስ አይደለም" አለች ወይንሸት። "ርካሽ፣ ቀላል ብረት አቅልጠው በቅርጹ አፍስሰው የወርቅ ቀለም ቀብተውታል። የእሳት ወርቅ ሎሚ አይበግረውም፤ ቀለም ግን ሙልጭ ብሎ ይሄዳል።"

"እና እውነተኛውስ?"

"ሽማግሌው ክንዴ በረታ ብለውኝ ደስ ብሎኝ ነበር።" ድምጿ ውስጥ ንዴት ነበር። "ክንዳቸው አልበረታም፣ ሂውስ። ቡድሃው ነው የቀለለው። ዓይናቸው እንደማያይ አውቆ፣ ላጽዳው ብሎ ወስዶ፣ ሌላ መለሰላቸው። እኛ ደግሞ ቡድሃው በጠፋበት ዕለት የት ነበርክ እያልን እንጠይቀዋለን። ሳቫና ሲጨፍር ቢከርም ምን ያደርግለታል? ስርቆቱ ያለቀው በፀደይ ነው!"

ሂውስ ባርኔጣውን አወለቀ። "ፕሩት። ግን ማስረጃ የለንም። ሱቁን ብንፈትሽ እዚያ ካላስቀመጠውስ? ከነቃ ደግሞ ዕቃው አይገኝም።"

"ራሱ ይዞልን ይመጣል" አለች ወይንሸት። "አንተ ብቻ ይኼን ግራጫ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሣልኝ፤ ከዚያ እንደነበረ ጠቅልለው።"

ስልኩን ከሽማግሌው ሳሎን ደወለች። ደግሞ እንዴት አድርጋ! በየቃሉ የምትደናቀፍ፣ ምንም የማይገባት ሴት ሆነች። "ሚስተር ፕሩት፣ የምሥራች! ዕቃው ተገኝቷል። በፎይል የተጠቀለለ ነው፤ እኛ አልፈታነውም፣ እንዳናበላሸው ፈርተን። ነገ ከሰዓት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ወደ ላብራቶሪ ይወስዱታል፤ እድሜውን ይመረምራሉ መሰለኝ። እርስዎ ስለ እነዚህ ነገሮች ያውቃሉና ልንገርዎት ብዬ ነው።"

"ማንም እንዳይነካው!" አለ ፕሩት። "ከመጓዙ በፊት እኔ ላሰናዳው ይገባል። ጠዋት እመጣለሁ።"

"ውይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ጠዋት ፕሩት ትልቅ የቆዳ ቦርሳ አንግቶ መጣ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሽማግሌውን እንኳን ደስ ያለዎት አለ፤ ለወይንሸት እጁን ዘረጋ። ጥቅሉ ጥናት ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

"ብቻዬን መሥራት አለብኝ" አለ። "ትንፋሽ እንኳ ይጎዳዋል።"

"እኛ ምን እናውቃለን! እንደፈለጉ" አለችው።

በሩ ተዘጋ። ሂውስ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ ጥፍሩን በላ። ወይንሸት ተቀምጣ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ሰውዬው ባዶ እጁን ቢመጣስ? ዕቃው ተሽጦ ቢሆንስ? ያኔ ደጊቱ በሐሰተኛው ሐውልት ምክንያት ራሷ አስመስላ አሠርታ ቀየረችው መባሏ ነው፤ አረጋሽም ካርቱም መቅረቷ ነው።

በሩ ተከፈተ። ፕሩት በሁለት እጁ አንድ ነገር ታቅፎ ወጣ፤ የጠዋቱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሳሎኑ ሁሉ ቢጫ ብርሃን ለበሰ። ሂውስ አፉን በእጁ ያዘ። ወይንሸት ከወንበሯ ተነሳች። የቡድሃው ፊት ትንሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ከጀርባው የነበልባል ቅርጽ እንደ ቅጠል ተዘርግቷል።

"አቧራውን ብቻ ነው ያራገፍኩለት" አለ ፕሩት። "እንደ ድሮው ነው።"

"ከዚያ ፎይል ውስጥ የወጣው ይኼ ነው?"

"ታዲያ ከየት ይመጣል?"

"አምጣልኝ" አሉ ሚስተር ዊትፊልድ። ዕቃው መገኘቱን እንጂ መለወጡን ለእሳቸው ማንም አልነገራቸውም፤ ፊታቸው እንዳያስታውቅባቸው ተፈርቶ ነው። ታማሚ እጃቸውን ዘረጉ። ፕሩት አመነታ፤ ግን ሁሉም ያየዋል። ሰጣቸው።

የሽማግሌው ክንድ ቁልቁል ወረደ። በሌላው እጃቸው ባይደግፉት ጭናቸው ላይ ሊወድቅ ነበር። በአውራ ጣታቸው እግሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ዳሰሱ፤ ደጋግመው ዳሰሱ፤ ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

"ከበደኝ!" አሉ። "ተመስገን፣ ከበደኝ! የኔው ነው! የት ነበርክ አንተ?"

ሂውስ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ልክ እንደዚያ እንደ ሰርጉ ፎቶ። በሁሉም ላይ ግራጫው ቡድሃ ከነበረዶው ፈገግ ብሏል።

"ትናንት ጥቅሉን ፈትተን ያየነው ይኼ ነው" አለች ወይንሸት፤ የተደናቀፈ እንግሊዝኛዋ የት እንደገባ እንጃ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ፣ ያኔ ከአንቱ ወደ አንተ ስታወርደው ቤቱ በሙሉ ይሰማ ነበር። "ሎሚ የበላውን ወርቅ ምን አድርገህ መለስክለት? እስቲ ቦርሳህን ክፈተው።"

ፕሩት ወደ በሩ አየ፤ በሩን ሂውስ ሞልቶታል። ቦርሳው ሲከፈት ግራጫው ሐውልት በፎይሉ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እጅ ከፍንጅ! ሰውዬው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ገዢ ኒው ዮርክ አግኝቶለት እስከ ወር መጨረሻ ቀጠሮ እንደነበራቸው ሳይጠየቅ ለፈለፈ።

ደጊቱን ያስፈታት ሂውስ ራሱ ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ። ለኢሚግሬሽኑም ሴትዮዋ ምንም ወንጀል እንደሌለባት፣ ይልቁንም ሌባው የተያዘው በእሷ እጅ መሆኑን ራሱ ሄዶ አስረዳ። ሚስተር ዊትፊልድ ደግሞ በር ላይ መኪና ውስጥ ሆነው ይጠብቋት ነበር። ደጊቱ ገና ስታያቸው ያለቀሰችው ለራሷ አልነበረም፤ "በሉልኝ ወይ ሰሞኑን?" ብላ ነው።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ወይንሸትና ደጊቱ ኤርፖርቱ ውስጥ ከሰው ፊት ቆመው ነበር። አውሮፕላኑ ካረፈ ቆይቷል። ሰዉ ወጥቶ ወጥቶ ሊያልቅ ነው። ደጊቱ የወይንሸትን ክንድ ጨምድዳ ይዛ "ቀረች፤ ቀረችብኝ" ስትል፣ አንዲት ረጅም ቀጭን ልጅ ፕላስቲክ ከረጢት ደረቷ ላይ ታቅፋ ብቅ አለች፤ ቆመች፤ ዞር ዞር ብላ አየች።

"እማ?" አለች።

ደጊቱ እልልታዋን ለቀቀችው። እንዲህ ያለ እልልታ ያ ኤርፖርት ሰምቶ አያውቅም። ሻንጣ ጎታቹ ሁሉ ቆመ፤ ሕፃን አለቀሰ፤ ሁለት ጥበቃዎች ሬዲዮአቸውን እየጮሁበት እየሮጡ መጡ።

"ሴትዮዋ ምን ሆና ነው? ምን ተፈጠረ?"

ወይንሸት ባጇን አወጣችና ፊታቸው ላይ ዘረጋችው። "ፖሊስ ነኝ። ጉዳዩን እኔ ይዤዋለሁ" አለቻቸው። ከዚያ ባጇን ኪሷ ከታ እሷም እልልታውን አቀለጠችው።